ላልቶ ሲነበብ

ቡራዩ፣ ከቤቴ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ሰናይት የምትባል ወጣት መምህርት ተከራይታ ትኖራለች። ማስተማር የጀመረችው ዘንድሮ ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ፣ ፎቶኮፒ የተደረጉ ወረቀቶች ይዛ መጣችና ዱካ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ የቆየ አሳዛኝ ተውኔት ልታስተምር ነው። ተማሪዎቿ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ እንደሚናገሩ፣ የተውኔቱ አማርኛ እንደከበዳቸው፣ ፈተናው የሚጠይቀውም ማን ሞተ፣ ለምን ሞተ የሚለውን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ ታሪኩን በአንድ ገጽ አሳጥራ ልትሰጣቸው አስባለች።

«እርስዎ እንዴት አድርገው ነበር የሚያስተምሩት፣ እትዬ የሺ?» አለችኝ። አጠያየቋ ግን መልስ የፈለገች ሳይሆን ይሁንታ የፈለገች ያስመስላታል።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ወረቀቱን ተቀበልኳት። እኔም ድሮ ያስተማርኩት ተውኔት ነው፤ ያው ዳኛ፣ ያው ጎተራ፣ ያቺው እናት። ገልብጬ ገልብጬ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት አጭር መስመር ሳገኝ ጎመኑን ረሳሁት። እዚህ የምጽፈው የዚያን ቀን ለሰናይት የነገርኳትን ነው፤ ለእሷ ስነግራት የዘለልኩትንም ጨምሬበታለሁ።

ሱሉልታ የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት ነበር። የቡራዩ ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የሱሉልታን ብርድ ግን አላውቀውም ነበር። በኅዳር ማለዳ ሜዳው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይነጣል። ሯጮቹ እስትንፋሳቸው እየጨሰ በመንገዱ ዳር ያልፋሉ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ውርጩ ይተንና የታጨደው ሣር ሽታ ከተማውን ይሞላዋል። ድርቆሽ የጫኑ አይሱዙዎች የእንጦጦን ዳገት እያቃሰቱ ሲወጡ፣ በመንገዱ ዳር ያለ ቅርንጫፍ ሁሉ ከጭነቱ ቦጨቅ እያደረገ ያስቀር ስለነበር ዛፎቹ ጢም ያበቀሉ ይመስሉ ነበር። እስከ ዛሬ የድርቆሽ ሽታ ሲሸተኝ እጄ ላይ ጠመኔ ያለ ይመስለኛል።

ያስተማርኳቸው አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ነበር። አብዛኞቹ ከጫንጮ በኩል ካሉ መንደሮች በእግር የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ወላጆቻቸው ለፋብሪካና ለግንባታ ሥራ ከደቡብ የመጡ ልጆችም ነበሩ፤ ከእነሱ መሃል ታምራት የሚባል፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምር፣ ድምፁ ከዕድሜው የቀደመ ልጅ አስታውሳለሁ። ጥቂቶቹ ደግሞ ከሰሜን መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ልጆች ነበሩ። ሄኖክ ከእነዚህ አንዱ ነው። አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ይህንንም በደንብ ያውቃል።

ተውኔቱ በግጥም የተጻፈ ነው። በረሃብ ዘመን የአንድ አገር ዳኛ የተረፈችው እህል ለዘር እንድትቆይ ብሎ ጎተራውን ያሽጋል፤ ጎተራውን የከፈተ በሞት እንደሚቀጣም በአደባባይ ይምላል። ለተራቡ ሕፃናት ሲል ጎተራውን የከፈተው የገዛ አንድ ልጁ ሆኖ ይገኛል። ዳኛው መሐላውን አላጥፍም ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ልጁን «ልጄ» ብሎ አይጠራውም። እናትየው እግሩ ላይ ወድቃ፣ ፍርድህን ለውጥልኝ አልልህም፣ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ልጄ በለው ብቻ ስትለው እንኳ መልስ አይሰጣትም። ልጁ ይሞታል። ዳኛውም ቤቱን በላዩ ላይ ዘግቶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ ይሞታል።

እኔ ይህን ተውኔት ኮሌጅ ሳለሁ አንብቤ አልቅሼበታለሁ። ተማሪዎቼም የሚያለቅሱበት መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ሳቁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ተራው ሌሊሴ ጉተማ የምትባል፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ላይ ደረሰ። ቆማ «ዋናው ዳኛ» የሚለውን ስታነብ «ና»ን ማጥበቅ ሲገባት አላላችው፤ ነገሩ የውኃ ዋና ሆነ። ሄኖክ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ዳኛው የሚዋኘው የትኛው ወንዝ ውስጥ እንደሆነ ጠየቃት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌሊሴ መጽሐፉን ዘግታ ተቀመጠች። ሄኖክን ብቆጣውም የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ከዚያ ቀን በኋላ ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ «ይለፈኝ» ትላለች። እሷን ያዩ ሌሎችም ይለፈኝ ማለት ጀመሩ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍል ውስጥ የምናነበው ሄኖክና እኔ ብቻ ሆንን።

በዚህ መሃል ሱፐርቫይዘራችን አቶ ደምሴ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን የአማርኛ መምህራን የሚከታተሉት እሳቸው ነበሩ። ከኋላ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን በሙሉ አዩና ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ይዘውኝ ቆሙ። አልተቆጡኝም። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ ይህ ተውኔት ለእነዚህ ልጆች እንደማይሆን፣ በሰበታም በቡራዩም መምህራኑ ተመሳሳይ እሮሮ እንደሚያሰሙ ነገሩኝ። በሦስቱም ከተሞች ተውኔቱን ትተን አጭር ማጠቃለያ እንድንሰጥ ሊወስኑ ነው።

ልጆቹን ለመርዳት ብለው እንደሆነ አውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ልተወው አልቻልኩም። ማጠቃለያ ማለት እኮ ለልጅ «አንቺ ሥጋውን አትችይም፣ መረቁን ጠጪ» ማለት ነው። አንደበቴ ከእኔ ቀድሞ፣ ልጆቹ ቋንቋውን ራሱን መመርመር ይችላሉ አልኳቸው።

አቶ ደምሴ ትንሽ አሰቡና፣ «መልካም፤ በወሩ መጨረሻ ሰበታ ላይ መምህራኑ ሁሉ ይሰበሰባሉ» አሉኝ። «ከክፍልሽ ልጆች ይዘሽ ነይና እዚያው ፊታችን አስተምሪ። ከሆነ ተውኔቱ ይቀጥላል። ካልሆነ ደግሞ ያልኩት ይሆናል።»

እሺ አልኳቸው። ማታ ኪራይ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስቀመጥ ግን ምን ነክቶኝ ነው አልኩ። የትኞቹን ልጆች ይዤ ነው የምሄደው? ይለፈኝ የሚሉትን?

በማግስቱ ሁሉም ከወጡ በኋላ ሌሊሴ ክፍል ውስጥ ቀረች። መጽሐፏን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የመጣችው ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ንዴት ላይ ነበረች።

«ቲቸር፣ እናንተ እንዴት ነው የምታውቁት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ። መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም እኮ።»

እንዴት እንደማውቅ በዕድሜዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁትን ነገር እንዴት ጠጣሽው ብባል ምን እላለሁ? እሷ ቀጠለች። በኦሮምኛ ጽሑፍ የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ማንም እንደማይሳሳት ነገረችኝ። «ሶዳ» የሚለውን ቃል ምሳሌ ሰጠችኝ፤ ሲላላ ፍርሃት ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ አማት ወይም አማች። ነገሩ ገብቶኝ ሳቅኩ፤ እሷም ሳትወድ ፈገግ አለች። በአማርኛ ግን ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቃል አይቶ፣ ማን ለማን እንደሚናገር አስቦ መለየት እንጂ ሌላ መንገድ እንደሌለ ነገርኳት።

«እንግዲያው ማንበብ መገመት ነው» አለች።

«መገመት ሳይሆን መመርመር ነው» አልኳት። ይህን መልስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ልጅቷ ግን በሁለት ቃል የምፈልገውን ትምህርት ሰጥታኝ ሄደች።

በነጋታው ጠመኔውን ለሌሊሴ ሰጠኋት። «ሶዳ»ን ሁለት ቦታ ጽፋ አንዱን አላልታ አንዱን አጥብቃ ስታነብ፣ ፍርሃትና አማት በአማርኛ ፊደል አንድ ሆነው ሲያዩ ክፍሉ ሳቀ፤ አሁን ግን የሚስቁት ከእሷ ጋር ነበር። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው? «ገና» ላይ ተከራከሩ፣ «ሰፊ» ላይ ተከራከሩ፣ «ይሰማል» ላይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ታምራት በአባቱ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር አለ ብሎ ሲያስረዳን የእረፍት ደወሉን የሰማው አልነበረም።

ጨዋታው ሲሞቅ ወደ ተውኔቱ መለስኳቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋቸው፤ ዳኛው ልጁን በየትዕይንቱ ምን ብሎ ይጠራዋል? ገጽ በገጽ ፈለጉ። መጀመሪያ ላይ «ልጄ» ይለዋል። ጎተራው ከተከፈተ በኋላ «ይህ ወጣት» ይለዋል። ፍርድ ቤቱ ፊት ሲቆም «ተከሳሹ» ይሆናል። ልጁ ሊሞት ሲወሰድ ደግሞ ስም የለም፣ ማዕረግ የለም፣ «እሱ» ብቻ። ይህን ሰሌዳው ላይ ደርድረው አዩት። ሄኖክ እንኳ ቀልዱን ተወ። ሰውየው ልጁን ከመግደሉ በፊት በአፉ ቀስ በቀስ ከቤት እንዳወጣው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ቃል እኔ አልነገርኳቸውም። በራሳቸው ነው ያገኙት።

ሰበታ ይዣቸው ልሄድ የመረጥኳቸውን ልጆች ወላጆች ማስፈቀድ ነበረብኝ። የሌሊሴ አባት ኦቦ ጉተማ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስደርስ ከልጆቻቸው ጋር ድርቆሽ ይከምሩ ነበር። «አካም ኦልተን፣ በርሲስቱ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በርሲስቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው፤ እንደዚያን ቀን በክብር ተጠርቼ አላውቅም። የሌሊሴ እናት በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሳህን፣ እርጎ በዋንጫ አቀረቡልኝ። ከበላሁ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ኦቦ ጉተማ ልጃቸው አዲስ አበባን አቋርጣ ለአንድ ተውኔት ሰበታ ድረስ መሄዷ አልተዋጠላቸውም። ምን የሚል ተውኔት ነው አሉኝ። እኔ በአማርኛ እየነገርኩ፣ የቸገረኝን ሌሊሴ በኦሮምኛ እየሞላች ታሪኩን ነገርናቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ሰሙ። ዳኛው ልጁን ልጄ ማለት ተወ ያልን ጊዜ ግን አቋረጡን።

«ሕጉን ይፍረድ፤ እሺ» አሉ። «ግን ዳኛ ቢሆንም ወልዷል። ልጄ ማለት ምን ያስከፍለዋል?»

መጨረሻውን ልነግራቸው ስል እጃቸውን አነሡ። ሌሊሴ ሰበታ ሄዳ ስትመለስ እሷ ትነግረኛለች አሉኝ። ፈቃዱ ይኸው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ትምህርት ቤቱ በተከራየልን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን። እንጦጦ ላይ ጉም ነበር። ልጆቹ መስኮቱን በእጃቸው እየጠረጉ ከተማውን ቁልቁል ያያሉ፤ ታምራት ይዘምራል፣ ሄኖክ እንደ አስጠኚ ሁሉን ይጠያይቃል። ሌሊሴ እናቷ በጨርቅ የቋጠረችላትን ጭኮ እየቆረሰች አደለችን። ሄኖክ ሁለቴ ተቀበላት። ይቅርታ መጠየቁ ይሁን መራቡ ማወቅ አልቻልኩም፤ ምናልባት ሁለቱም ነበር።

ሰበታ ከሱሉልታ ይሞቃል። ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አስረው ወደ አዳራሹ ገቡ። የሦስቱ ከተሞች መምህራን ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ታላቆቼ ናቸው። አቶ ደምሴ ዳር ላይ፣ የመምህሩን መምሪያ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ገና መናገር ሲጀምሩ ፍርሃቴ ቀለለኝ። ዳኛው ልጁን የጠራባቸውን ቃላት ቅደም ተከተል አወጡ፤ ከ«ልጄ» እስከ «እሱ» ያለውን መንገድ አስረዱ። ከኋላ መምህራኑ አንገታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነበር። እዚያ አሽከሩ የዳኛውን መርዶ ለእናትየው ይዞ ይመጣል። እሷም የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ትጠይቀዋለች። አሽከሩ የሚመልሰው በጣም አጭር ነው፤ «ልጄ አለ። ዝም አለ።» እናትየው መልሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ጮክ ብሎ?» ተውኔቱ ከዚህ በኋላ ብዙ አይሄድም።

ሄኖክ አነበበው። «ልጄ አለ» ሲል «ለ»ን አጥብቆ ነው፤ ልጄ በሕይወት አለ እንደማለት። ይህ መስመር ስለ ዳኛው ሁኔታ ምን ይነግረናል ብዬ ጠየቅኩ፤ የተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። ሄኖክ ዳኛው በሐዘን ብዛት አእምሮውን ስቶ የገደለው ልጁ በሕይወት ያለ እንደመሰለው አስረዳ። የመምህሩ መምሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ኮሌጅ የተማርኩት፣ ያለቀስኩበትም ይኸው ነው። አቶ ደምሴ መምሪያውን ዘግተው ፈገግ አሉ። ትምህርቱ አልቋል፣ ተውኔቱ ተርፏል። አመሰግናለሁ ብዬ ልቀመጥ ነበር።

ሌሊሴ እጇን አወጣች።

እውነቱን ለመናገር ያን እጅ ሳየው ፈራሁ። በድል የተጠናቀቀ ነገር ነው። ልጅቷ የምትለውን አላውቅም፤ አስቀድመን አልተነጋገርንበትም። አይኔን ወደ ሌላ ዞር ባደርግ ማንም አይታዘበኝም ነበር። ግን ማንበብ መመርመር ነው ብዬ ለራሷ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። ተናገሪ አልኳት።

ቆመች። «ሄኖክ ያነበበው አጥብቆ ነው» አለች። «ላልቶ ቢነበብስ?»

ከዚያ ሳትጣደፍ ራሷ አላልታ አነበበችው። ልጄ፣ አለ። ዝም፣ አለ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰውየው ልጄ በሕይወት አለ አላለም፤ «ልጄ» የምትለዋን አንዲት ቃል ተናገረ፣ ከዚያም ዝም አለ። በዚያ አሮጌ ኅትመት ላይ ትምህርተ ጥቅስ የለም፤ ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። ከኮሌጅ ጀምሮ አንዱን ብቻ ነበር ያነበብኩት።

አቶ ደምሴ ተነሡ። በትሕትና፣ ግን ጠበቅ አድርገው፣ መምሪያው ይህን እንደማይል ተናገሩ። ወደ እኔ አዩ፤ እንዳስቆማት የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ዝም አልኩ። ሌሊሴ አንዴ አየችኝና ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ቀጠለች። ቀጥሎ የሚመጣው «ዝም አለ» መላላቱን ማንም አይጠራጠርም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው አለች። ታምራት አላስቻለውም፤ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ በዚያ በመዘምራን ድምፁ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ። ሁለተኛውን ሲያነብ ከኋላ ካሉት መምህራን አንዷ «ውይ» ስትል ተሰማ።

ሄኖክም እጅ አልሰጠም። እናትየው የጠየቀችው የመጨረሻ ቃሉን ነው፣ አሽከሩም ቃሉን እንዳለ ነው የመለሰላት ብሎ ተከራከረ። ጥሩ ክርክር ነበር። ሌሊሴ ግን ለእሱም መልስ አላት።

«እናትየውን ስማት» አለችው። «ባሏ አብዶ ልጄ በሕይወት አለ ብሎ ከሆነ፣ ጮክ ብሎ ነው ወይ ብላ ለምን ትጠይቃለች? ሰው ፊት ልጄ በለው ብላ ለምናው ነበር። ስትጠብቅ የኖረችው ያቺን ቃል ነው። ሰው ሰምቷል ወይ ነው የምትለው።»

አቶ ደምሴ መምሪያውን ከፍተው መስመሩን ፈለጉ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሁለቱንም ንባብ ሲሞክሩ አየኋቸው። ከዚያ ሌሊሴን ጠየቋት። ጥያቄያቸው የፈታኝ አልነበረም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ጥያቄ ነበር። «ጠበቀም ላላም ሰውየው ሞቷል፣ ልጄ። ለውጡ ምንድን ነው?»

ሌሊሴ ገጹን ዳግም አየች።

«ጠብቆ ከሆነ የሞተው እብድ ነው» አለች። «ላልቶ ከሆነ የሞተው አባት ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ማጨብጨብ የሚቻል አልነበረም። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። እኔ ሰሌዳው ጥግ ነበርኩ፤ ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰብሯል። በሕይወቴ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ስመረቅም፣ ስዳርም፣ ልጆቼን ስወልድም ሌላ ሌላ ደስታ ነው የተሰማኝ። ያኛው ኩራት ነበር። ከዚያ ሌላ ስም የለውም።

አቶ ደምሴ በመጨረሻ የተናገሩት አጭር ነበር። በልጅቷ ንባብ ሙሉ በሙሉ እንዳላመኑ፣ አሁንም ሄኖክ ያለው የሚያመዝን እንደሚመስላቸው ገለጹ። ነገር ግን እንዲህ የሚያከራክር ተውኔት በአንድ ገጽ ማጠቃለያ አይቀየርም አሉ። በሦስቱም ከተሞች እንዳለ እንዲቀጥል ወሰኑ። ሰበታ የምታስተምር አንዲት መምህርት ስወጣ ያዘችኝና፣ ሰኞ ተማሪዎቼን እጠይቃቸዋለሁ፣ እኔ አላርማቸውም አለችኝ።

ሰበታ ገበያው ዳር ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ በወረቀት ጠቅልዬ አደልኳቸው። ዘይቱ በጣታቸው እየወረደ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆመው ሄኖክና ሌሊሴ ይከራከሩ ነበር። እንጦጦ ላይ ስንደርስም ይከራከሩ ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድርቆሹ እንደ መዳብ ቀልቶ ነበር፤ አሁንም ይከራከሩ ነበር። ሲወርዱ ሄኖክ ቦርሳዋን ተሸከመላትና፣ «አጥብቆ ነው ግን» አላት። ሌሊሴ ሳቀች፤ ያን ዓመት ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ለአባቷ እንዴት እንደነገረቻቸው አላየሁም። ኦቦ ጉተማ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ገበያ ወርደው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጅቷ ታሪኩን ጨረሰችልኝ አሉኝ። ምን አሉ ብላቸው ብዙ አልተናገሩም። ሰውየው ዘግይቷል፣ ግን ብሏል፣ አሉ። ከዚያ አንድ ቅል እርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ሱሉልታም፣ ኋላም ወደ ቡራዩ ተዛውሬ። ታምራት የት እንደደረሰ አላውቅም። ሄኖክ የአባቱን ሱቅ ያዘ፤ ባገኘኝ ቁጥር ያ መስመር ጠብቆ ነው ይለኛል። ሌሊሴ ፍርድ ቤት በአማርኛና በኦሮምኛ የምታስተረጉም ሆነች። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻት ሥራው እንዴት ነው ስላት፣ ሰው የተናገረውን መስማት ቀላል ነው፣ ከባዱ ሊል የፈለገውን ሳይሰበር ማድረስ ነው አለችኝ።

ሰናይት ይህን ሁሉ ሰምታ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ልትሄድ ስትነሣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ለመሆኑ ትክክለኛው ንባብ የትኛው ነው? እኔ በልቤ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ግን አልነገርኳትም። ልጆችሽን ጠይቂያቸው፣ አንደኛው እጅ ሲወጣ ደግሞ አይንሽን አታሽሺ አልኳት። እሺ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ማታ መብራቷ ቆይቶ ነው የጠፋው፤ ታሳጥር ወይስ ታንብብ ገና አላወቅኩም።

ኩራት ለሰው ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እናቴም ትል ነበር። በራስ መኩራት ሊሆን ይችላል። በሌላ ሰው መኩራት ግን የተለየ ነገር ይመስለኛል። መምህር ሲያረጅ የቀረው ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ያስተማርኩት አብዛኛው ተረስቷል እላለሁ፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ግን አንድ ቀን፣ የሳቁባት ልጅ ስትነሣ ላስቀምጣት እችል ነበር፤ ልናገርላትም እችል ነበር፤ እኔ ዝም አልኩላት። ከዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ የምኮራበት ያን ዝምታ ነው።